ኪቦርዱ የሷ፣ ወንበሩ የሱ!

ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ጉዳይ ለማስፈጸም ወደ ወረዳ የሄደ ሰው ሁሉ የሚያውቃት አንዲት ጠባብ ሱቅ አለች። በሯ ላይ «ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን» የሚል ተለጥፎባታል። አጠና ተራ ብትሉ፣ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ብትሉ፣ ቤቴልም ሆነ አየር ጤና ሱቋ ያቺው ናት። ከኮምፒውተሩ ፊት የተቀመጠችው አብዛኛውን ጊዜ ሴት ናት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች ወይም ከኮሌጅ ዲፕሎማ ይዛ የወጣች ወጣት። የባለጉዳዩን አቤቱታ ካፉ እየተቀበለች፣ የተዘበራረቀውን ሐሳብ እያቃናች፣ ጽፋና አትማ ትሰጠዋለች። እሷ ባትኖር የስንቱ ድሃ አቤቱታ ሆዱ ውስጥ ቀርቶ ነበር!

ታዲያ ኮምፒውተሩ አንድ ቀን እምቢ ያለ እንደሆነ ምን ይሆናል? ስልክ ይደወላል። ቦርሳውን ያነገተ ወጣት ይመጣል። በካቻቢቴው ክዳኑን ይከፍታል፣ አቧራውን እፍ ይላል፣ ፕሮግራም ይጭናል፤ ከዚያም እሷ ቀኑን ሙሉ ስትጽፍ ውላ ከምታገኘው የሚበልጠውን በአንድ ሰዓት ሥራ ኪሱ ከትቶ ይሄዳል። እሱን አንነቅፍም፤ ሙያው ነው፣ ይብላበት። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው። ከማሽኑ ጋር ከጧት እስከ ማታ የምትውለው እሷ ሆና ሳለ፣ ክዳኑን መክፈት የሱ ብቻ እንዲሆን ያደረገው ማን ነው?

ልብ በሉ! ሴቷ ከቴክኖሎጂ ርቃለች የሚል ካለ ተሳስቷል። ሴቷ ቴክኖሎጂው ፊት ተጎልታ ነው የምትውለው። ባንክ ብትገቡ መስኮቱ ጋ እሷ ናት። 994 ብትደውሉ ብዙውን ጊዜ የምትሰሙት የሷን ድምፅ ነው። ሆስፒታል ካርድ ክፍል ስማችሁን የምትመዘግበው እሷ ናት። «ሲስተም የለም» ብላ የባለጉዳዩን ቁጣና ስድብ የምትቀበለውም እሷው ናት። ሲስተሙን የገዛው፣ የተከለውና ያበላሸው ግን ሌላ ሰው ነው! ስለ ጾታ እኩልነት በየአዳራሹ የሚደሰኩሩልን ሰዎች ሊያዩት ያልፈለጉት ይሄንን ነው። ክፍተቱ በማሽኑና በሴቷ መካከል አይደለም። ክፍተቱ ያለው በኪቦርዱና በወንበሩ መካከል ነው።

«ሴት ምን ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ይል ነበር ያገራችን ሰው። ዛሬ ይህን ተረት በአደባባይ የሚናገር ባለሥልጣን የለም፤ ያስተቻል። ነገር ግን ተረቱ አልሞተም። ከረባት አስሮ ቢሮ ገብቷል። «ሴቶች ለቴክኒክ ሥራ ዝንባሌ የላቸውም» ይላል። «የማታ ተራ አይመቻቸውም» ይላል። «ነገ ታገባለች፣ ከነገ ወዲያ ትወልዳለች፣ ምን ይሠራልናል?» ይላል። ጠጋ ብላችሁ ብትሰሙት ያው የድሮው ተረት ነው።

እውነት ተፈጥሮ ነው? እስቲ ታሪክን እንጠይቅ። በኮልፌና በጉለሌ መዳረሻ ላይ ያለው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1946 ሲከፈት የወንዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር። ከዚያ የወጡ ወንዶች አገር መርተዋል፣ ድልድይ ሠርተዋል፣ ጽፈዋል፣ ታግለዋል። የኮልፌ ሴት ልጅ ግን ያንን ግቢ ካጥሩ ውጭ ሆና ነበር የምታየው። በዚያው በ1946፣ በየካቲት ወር፣ አሜሪካ ፊላደልፊያ ውስጥ «ኤኒያክ» የሚባል፣ አንድ ሰፊ አዳራሽ የሚሞላ የኤሌክትሮኒክ ኮምፒውተር ለዓለም ታየ። ያ ማሽን እንዲያሰላ ትእዛዙን ቀምረው ያዘጋጁለት እነማን ይመስሏችኋል? ስድስት ሴቶች ነበሩ! ማሽኑ ሲመረቅ በተደረገው የእራት ግብዣ ላይ ግን አልተጠሩም። ሥራው ክብር ሳይኖረው «የጸሐፊ ሥራ ነው» ተብሎ ለነሱ ተሰጠ፤ ገንዘብና ዝና ማምጣት ሲጀምር ወንዱ ተረከበው።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። እዚያው አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1984 በኮምፒውተር ሳይንስ በዲግሪ ከተመረቁት ውስጥ 37 ከመቶ ያህሉ ሴቶች ነበሩ። ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ይህ ቁጥር ወደ 18 ከመቶ ገደማ ወርዶ ተገኘ። እንዴ! የሴት ጭንቅላት በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ በግማሽ ተቀነሰ ማለት ነው? አይደለም። ኮምፒውተር የወንድ ልጅ መጫወቻ ነው ተብሎ ተሸጠ፣ ወላጅም ለወንዱ ገዛ፣ ክፍል ውስጥ ሴቷ እንግዳ ሆነች። እንግዲህ ሰው የሠራውን ክፍተት ተፈጥሮ ነው ብሎ ማሳበብ ዓይን ያወጣ ውሸት ነው።

በእኛም አገር ያው ነው፤ እንዲያውም የኛ ይብሳል። «ጸሐፊ» የሚለውን ቃል ተመልከቱት። ጸሐፌ ትእዛዝ ማለት በቤተ መንግሥት ከንጉሡ አጠገብ የሚቆም፣ ማኅተም የያዘ፣ አገር የሚፈራው ትልቅ ሹም ነበር። ሹመቱ የወንድ ነበር። የጽሕፈት መኪና መጥቶ መጻፍ ጣት ማድከም ብቻ የሆነ ዕለት ግን «ጸሐፊ» ሲባል ባንድ ጊዜ ሴት ሆነች፤ ደመወዟም ከመዝገብ ቤት ግርጌ ገባ። ሴት ልጅ ዘመናዊ ትምህርት ታግኝ ተብሎ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት በ1924 ዓ.ም. መከፈቱ ትልቅ ነገር ነበር፤ ባለውለታ ነው። ግን ለሴቷ ትምህርት ሲታሰብ ከጎን የቤት አያያዝና የእጅ ሥራ ይታሰብ ነበር፤ ለወንዱ ሲታሰብ ሞተርና ኤሌክትሪክ። ያ አስተሳሰብ ዛሬም አልለቀቀንም።

«ሴት ልጅ ከቻለች ማን ከለከላት?» የሚሉ አሉ። ችለው ያሳዩ አሉ! ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ አዲስ አበባ ተወልዳ፣ ዛሬ በፊውል ሴል ምርምር በዓለም ስሟ የሚጠራ ሳይንቲስት ናት። የታላቁ ሊቅ የፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ልጅ ናት። አባቷን የደርግ ወታደሮች በ1968 ዓ.ም. በጥይት መትተው ሽባ ስላደረጓቸው ነው ቤተሰቡ የተሰደደው። ዶክተር ሰገነት ቀለሙ ከፍኖተ ሰላም ተነስታ በእፅዋት በሽታ ምርምር እ.ኤ.አ. በ2014 የሎሬያልና የዩኔስኮን የሴት ሳይንቲስቶች ሽልማት አገኘች፤ ናይሮቢ ያለውን ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከልም ለአሥር ዓመት መራች። ትምኒት ገብሩ ደግሞ ከኤርትራውያን ወላጆች አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች ናት። የሁለቱ አገሮች ጦርነት ገና በአሥራ አምስት ዓመቷ አሰደዳት። ዛሬ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲነሳ ስሟ የማይጠራበት ጉባኤ የለም።

እንግዲህ አስተውሉ። ሦስቱም የዚህች አገር አፈር ያበቀላቸው ናቸው። ሦስቱም ግን ያፈሩት በሰው አገር ነው። አንዷን ጥይት፣ አንዷን ጦርነት፣ አንዷን ደግሞ የምርምር ዕጦት ወሰዳት። በስማቸው መኩራት ቀላል ነው፤ እዚሁ የቀሩት እንደነሱ ያሉ ልጆች የት ደረሱ ብሎ መጠየቅ ነው ከባዱ።

መንግሥትስ ምን ይላል? መንግሥት ወደ ላይ ያሳየናል። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ከሃያ ሚኒስትሮች አሥሩ ሴቶች ሆነው ተሾሙ፤ እሰየው ብለናል። ኢትዮ ቴሌኮምን ከ2010 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የመሩት ወይዘሮ ፍሬሕይወት ታምሩ ናቸው፤ ቴሌ ብርም በሳቸው ዘመን በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ይህ ሴት ልጅ ትልቁን መሥሪያ ቤት ትመራለች ወይ ለሚል ጠያቂ በቂ መልስ ነው። ነገር ግን ጣራው ላይ ባንዲራ መስቀል ቤቱን አይሠራውም። አናት ላይ አንዲት ሴት ስትቀመጥ፣ መሐል ላይ ያለው መሐንዲስ፣ የኔትወርክ ባለሙያና የክፍል ኃላፊ ስንቱ ሴት ነው? ሕዝብ ሊነገረው የሚገባ ይሄ ነው።

በሕግ በኩል ከሆነ ምንም አልጎደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ሴቶች በቅጥር፣ በዕድገትና በክፍያ እኩል መብት አላቸው ይላል፤ ያለፈው በደል እንዲካስ የድጋፍ እርምጃ ይወሰድ ይላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወለደች ሴት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ዕረፍት ይሰጣል። ወረቀቱ ላይ ገነት ነው! መሬት ላይ ግን አሠሪው አዋጁን አንብቦ፣ መቶ ሃያውን ቀን ቆጥሮ፣ «እንግዲያው ከመነሻው ሴት አልቀጥርም» ብሎ ያርፋል። በቃለ መጠይቅ ላይ ወንዱን «ምን ታውቃለህ?» ይለዋል፤ ሴቷን «አግብተሻል?» ይላታል። ይህንን የሚቆጣጠር መርማሪ በኮልፌ የግል ድርጅቶች በር ላይ ሲያንኳኳ ያየ እስቲ ይንገረን።

ከዚያ ደግሞ ዘመቻው መጣ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር ሆነን አምስት ሚሊዮን ኮደሮች እናሠለጥናለን ተባለ። ሥልጠናው ነጻ ነው፣ በኢንተርኔት ነው፣ የምስክር ወረቀት አለው። ሐሳቡን አንቃወምም፤ እንዲያውም ኮልፌ ያለሽ እህታችን ሆይ፣ ተመዝገቢ እንላለን። ግን ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና እንጠይቅ። በኢንተርኔት የሚሰጥ ትምህርት የሚደርሰው ቀፎ፣ ዳታና ጊዜ ላለው ነው። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የራሳቸው ሞባይል ያላቸው ወንዶች 55 ከመቶ ሲሆኑ ሴቶቹ 27 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ቀፎው በዝቷል፤ ይሁን። ቤት ውስጥ አንድ ዘመናዊ ቀፎ ብቻ ሲኖር ግን የማን እጅ ላይ እንደሚያመሽ ሁላችንም እናውቃለን።

ጊዜስ? ኮልፌ ቀራንዮ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ428 ሺህ በላይ ሕዝብ የተቆጠረበት፣ በጊዜው ካሥሩ ክፍለ ከተሞች በነዋሪ ብዛት አንደኛ የነበረ ሰፈር ነው። ከዚያ ወዲህ እስከ ዓለም ባንክና እስከ ካራ ቆሬ ድረስ ሰፍቷል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት ሌሊት ተነስቶ ጀሪካን የሚሞላው ማን ነው? ሊጡን የሚያቦካው፣ ታናናሾቹን ለትምህርት ቤት የሚያደርሰው፣ የታመመ የሚያስታምመው ማን ነው? ወንድሟ ከራት በኋላ ኮምፒውተር ቤት ያመሻል፤ እሷ ድስት ታጥባለች። ከአምስት ዓመት በኋላ ሁለቱን አስፈትነው «እሱ በለጠ» ይሉናል። እንዴት አይበልጥ!

የማታውን ትምህርት ደግሞ ተዉት። ከኮሌጅ ሁለት ሰዓት ወጥታ፣ ታክሲ ተሰልፋ፣ መብራት በሌለው ቅያስ ቤቷ እስክትደርስ የእናቷ ልብ ይቆማል። ብዙዋ ልጅ ትምህርቱን ያቋረጠችው ሒሳቡ ከብዷት አይደለም፤ መንገዱ ከብዷት ነው። በዚህ ሁሉ መሐል እግዜር ረድቷት ቤቷ ሆና በኢንተርኔት ሥራ የጀመረች እንደሆነም መንግሥት ራሱ ገመዱን ይበጥስባታል። በሰኔና በሐምሌ 2012 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ለብዙ ወራት የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። የባሕር ዳርና የጎንደር ሴት ልጅ «ኮደር ሁኚ» ስትባል በምን ትሁን? በእንፋሎት?

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ይህ ጉዳይ የክብር ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የእንጀራ ጉዳይ ነው። በ2017 ዓ.ም. «መሶብ» የተባለ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ተመርቋል። ስሙን ከእናቶቻችን ጓዳ ወስደውታል፤ ደግ ነው። የፋይዳ መታወቂያው፣ ቴሌ ብሩ፣ የኢንተርኔት ማመልከቻው ሁሉ ወደዚያው እየሄደ ነው። ይህ ለባለጉዳይ በጎ ነው፤ ሰልፍ ይቀንሳል፣ የጉቦ በር ያጠባል። ነገር ግን ማመልከቻው ሁሉ ስልክ ላይ የገባ ዕለት፣ ከወረዳው በር ላይ ያለችው ጸሐፊ ምን ልትበላ ነው? ባንኩ ወደ ስልክ የገባ ዕለት መስኮቱ ጋ ያለችውስ? ማሽን ሲመጣ መጀመሪያ የሚያፈናቅለው ኪቦርዱ ላይ ያለውን ነው። ክዳኑን የሚከፍተው ይቀራል፤ ቁልፉን የምትነካው ትሄዳለች። ዛሬ ወደ ክዳኑ ያላሻገርናት ሴት ነገ ከሱቋም ትወጣለች።

ሌላም አለ። ትምኒት ገብሩና ጆይ ቡዎላምዊኒ እ.ኤ.አ. በ2018 የሰው ፊት አይተው ጾታ የሚለዩ የገበያ ፕሮግራሞችን ፈትነው ነበር። ነጭ ወንዶች ላይ የተገኘው ስህተት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ጥቁር ሴቶች ላይ ግን ከመቶ እስከ 35 ያህል ይደርሳል! ለምን ቢሉ፣ ማሽኑ የተማረው በሠሪዎቹ አምሳል ነዋ። ሴት ያልተቀመጠችበት ጠረጴዛ ላይ የተሠራ ማሽን ሴትን አያይም። ነገ ብድር የሚፈቅደው፣ ሠራተኛ የሚመርጠው፣ ተማሪ የሚመድበው ፕሮግራም ሲመጣ የኮልፌዋ እናት ለማን አቤት ትላለች? ለማሽኑ?

እንግዲህ ወቀሳ ብቻ አናወራም። የምንጠይቀው ግልጽ ነው።

አንደኛ፣ ቁጥሩን አውጡት! ከሠለጠኑት ኮደሮች ስንቱ ሴት ነው? ከነዚያ ስንቱ ሥራ አገኘ? በቴሌኮሙ፣ በባንኮቹ፣ በሚኒስቴሩ የቴክኒክ ክፍል ስንት ሴት አለች፣ በምን ደረጃ፣ በምን ደመወዝ? ይህ በየዓመቱ በየካቲት 29 ከቲሸርቱና ከኬኩ ይልቅ ይታተም። የምስክር ወረቀት ቆጥሮ ሥራ አለመቁጠር «ላም አለኝ በሰማይ» ነው።

ሁለተኛ፣ ክፍለ ከተማው አገልግሎቱን ወደ ኢንተርኔት ከማዛወሩ በፊት በየወረዳው በር ያሉትን ጸሐፊዎች መዝግቦ ያሠልጥን። ከሕዝቡ ጋር የኖሩ፣ ማመልከቻ የሚያውቁ፣ ቋንቋ የሚችሉ ናቸው። ጥገናውን፣ ኔትወርኩን፣ የሲስተሙን አያያዝ ቢማሩ ከነሱ የተሻለ የወረዳ ባለሙያ ከየት ይመጣል? አገልግሎቱን ለሕዝብ የማድረሱን ሥራም በውል ይስጣቸው።

ሦስተኛ፣ የቀድሞው የወንዶች አዳሪ ዛሬ ጄኔራል ዊንጌት ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ነው። በሩ ለሴት ክፍት መሆኑ ብቻ አይበቃም። እዚያም ሆነ በሌሎቹ ኮሌጆች የኮምፒውተር ክፍሉ በቀንና በቅዳሜ ለሰፈሩ ሴቶች ይከፈት፤ የሕፃናት ማቆያ ይኑረው፤ ከአስተማሪዎቹም ሴቶች ይብዙ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ በመሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲኖር ደንግጎ ነበር። ለሠራተኛዋ ከታሰበ ለተማሪዋ ለምን አይታሰብም?

አራተኛ፣ «አግብተሻል?» ብሎ የሚቀጥር አሠሪ ይጠየቅ። አዋጅ ያለ መርማሪ የግድግዳ ጌጥ ነው። የማታ ተማሪዎች የሚሄዱበት መንገድ መብራት ይግባለት፤ ኢንተርኔት መዝጋትም የሥራ በር መዝጋት መሆኑ ይታወቅ።

ለወላጅም አንድ ቃል አለን። እማማ፣ አባባ፣ ቤት ውስጥ ማከፋፈያ ሲቃጠል፣ ቴሌቪዥን ሲበላሽ «ወንድምሽን ጥሪው» አትበሏት። ካቻቢቴውን ለሷ ስጧት። ታበላሸው ይሆናል፤ እሱም እኮ አበላሽቶ ነው የተማረው!

ሥልጣን ላይ ላሉት ደግሞ እንዲህ እንላለን። ኢሕአዴግም በዘመኑ፣ ብልጽግናም በዘመኑ በሴት ስም ብዙ አጨብጭበዋል፣ ብዙም አስጨብጭበዋል። የኮልፌ ሴት ጭብጨባ አልጠየቀችም፤ ምጽዋትም አልለመነችም። የሠራችበትን ዋጋ፣ የተማረችበትን ሥራ፣ የምትችለውን ወንበር ነው የጠየቀችው። ወንበሩን ማጋራት የሚከብዳችሁ ከሆነ ደግሞ በግልጽ ንገሩንና እናውቀው። እስከዚያው ግን፣ እህቶቻችን፣ እስኪፈቀድላችሁ አትጠብቁ። ክዳኑን ክፈቱት!